ሁሉም ተምች አይደለም፦ ከቀወት ለተላኩ አምስት የትል ፎቶዎች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚሠሩ አንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አምስት ፎቶ ልከዋል። አንዱ ትል ከበቆሎ፣ ሁለተኛው ከጤፍ ማሳ ዳር ካለ ሣር፣ ሦስተኛው ከማሾ፣ አራተኛው ከተሰነጠቀ የማሽላ አገዳ የተነሣ ነው። አምስተኛው ፎቶ ላይ ያሉት ደግሞ በበቆሎ ቅጠል ጀርባ የታዩ ጥቃቅን ትሎች ናቸው። «ገበሬው ሁሉንም ተምች ይለዋል። የስልክ መተግበሪያው ያንኑ ትል አንዴ የአሜሪካ፣ አንዴ የአፍሪካ ይለኛል። በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ የትኛውን የአካል ክፍል ልይ? ኬሚካል ይረጭ አይረጭ ሲባል መልሱ የሚጠበቀው ከእኔ ነው» ይላሉ።

ከአምስቱ ሦስቱን በፎቶ ብቻ በሙሉ ልብ መለየት ይቻላል። አራተኛው ከምን ወገን እንደሆነ እነግርዎታለሁ፤ ዝርያውን ለመጥራት ግን አንድ ሌላ ፎቶ ይጎድለኛል። አምስተኛውን ማንም በፎቶ አይለየውም፤ ለይቻለሁ የሚልዎትን አይመኑ። አምስቱም የተነሡት በአንድ ስልክ ነው። ለውጥ ያመጣው ትሉ በየት በኩል እንደተነሣ ነው።

ፎቶዎቹን «ጥቁሩ»፣ «አረንጓዴው»፣ «ቡናማው» ብለው ሰይመዋቸዋል። ይህን ይተዉትና በተገኙበት ሰብል ይሰይሟቸው። ብዙ ሰው ትልን የሚለየው በቀለም ነው፤ እኔ ቀለምን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ከአንዲት እናት እንቁላል የተፈለፈለ የአሜሪካ መጤ ተምች አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ወደ ጥቁር የሚያደላም ሊሆን ይችላል። የአፍሪካ ተምች ደግሞ ተበታትኖ ሲያድግ አረንጓዴ ወይም ገርጣ ያለ ቡናማ ነው፤ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ሲያድግ ይጠቁራል። ሁለቱም መልክ ያው የአንድ ዝርያ ነው። መተግበሪያው የሚዋዥቅብዎትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ በቆሎው ትል ልምጣ። ትሉ ገና ካልተዘረጋው የመሃል ቅጠል ውስጥ ግማሽ አካሉን አውጥቷል። ጭንቅላቱ ደብዝዟል፤ ጅራቱ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። ምናልባት «ፊቱ አልታየም» ብለው ሊጥሉት አስበው ይሆናል። እንኳን አልጣሉት! ከአምስቱ ሁሉ የበለጠው ፎቶ እሱ ነው። ከጅራቱ ጫፍ ቀደም ብሎ ያለውን የሰውነት ክፍል አጉልተው ይዩት፤ ስምንተኛው የሆድ ክፍል የሚባለው ነው። አራት ጎላ ያሉ ጥቁር ነጥቦች እኩል ተራርቀው አራት ማዕዘን ሠርተዋል። አሁን ከእሱ ወደ ፊት ያሉትን ክፍሎች ይዩ። እዚያም በየክፍሉ አራት አራት ነጥብ አለ፤ ግን የፊቶቹ ሁለቱ ተቀራርበው የኋለኞቹ ሁለቱ ተራርቀዋል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ አጭር ፀጉር ይወጣል፤ ፎቶዎ ላይ በግራ በኩል ብርሃኑ ያረፈባቸው ሁለቱ ይታያሉ። ይህ የነጥቦች አቀማመጥ ካለ ትሉ የአሜሪካ መጤ ተምች ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ። ጭንቅላቱ ባይታይም ፍርዴ አይለወጥም።

በየሥልጠናው መጀመሪያ የሚነገረው ግን የግንባሩ ምልክት ነው፤ የተገለበጠ ባላ የሚመስለው፣ ብዙዎች «የተገለበጠ ዋይ» የሚሉት ነጣ ያለ መስመር። በመጤው ተምች ላይ በእርግጥም ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን መስመሩ የጭንቅላቱ ቅርፊት የሚጋጠምበት ስፌት ስለሆነ በሌሎችም ትሎች ላይ አለ። በአፍሪካ ተምች ላይም ሆነ የጥራጥሬ ፍሬ በሚበላው ጓይ ትል ላይ ነጣ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ያንን መስመር ብቻ አይቶ «የአሜሪካ ነው» ማለት ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ጅራቱን ይዩ፤ ግንባሩን ለማረጋገጫ ያቆዩት። የሥልጠናው ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ደስ ይለኛል።

የተክሉ ሁኔታም ከትሉ ጋር ይስማማል። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴው ተግጦ ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ የቀረበት ቦታ አለ፤ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ የበላው ነው። የመሃሉ ቅጠል ደግሞ ተቦጫጭቋል፤ ጉሮሮው ውስጥ እርጥብ ቡናማ ኩስ ተከምሯል። ትልቅ ትል በአንድ ተክል ላይ አንድ ወይም ሁለት ብቻ መገኘቱም አይግረምዎት፤ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ይህ ትል አፍሪካ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የታየው በደቡብ ምዕራብ፣ ሸካ አካባቢ ነበር። ትሉ አድጎ የሚሆነው የእሳት ራት በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ስለሚችል ቀወት መድረሱ የሚጠበቅ ነው።

እዚሁ ፎቶ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከታች በቀኝ በኩል፣ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀች ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ነጭ ጥቅልል ትታያለች። ይህች የጥገኛ ተርብ ቤት ልትሆን ትችላለች። ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባል ደቃቃ ተርብ መጤው ተምች በገባበት ዓመት አካባቢ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በትሉ ላይ ስትራባ ተገኝታለች። በትሉ ውስጥ አድጋ ትወጣለች፤ ትሉም ይሞታል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ትል ሲለቅሙ እነዚህን ነጫጭ ጥቅልሎች እንዳይደፈጥጧቸው አደራ ይበሏቸው። በጅምላ መርጨትን የምቃወምበት ትልቁ ምክንያቴም ይኸው ነው፤ ኬሚካሉ እኛን የምታግዘውን ተርብ ለይቶ አይምርም።

ሁለተኛው፣ የሣሩ ፎቶ፣ የአፍሪካ ተምች ነው፤ ስፖዶፕቴራ ኤግዘምፕታ። እዚህ ላይ ከአንዱ ትል ይልቅ ብዛታቸው ይናገራል። በእጅ መዳፍ በሚሸፈን ሣር ላይ ከአሥር በላይ ትል ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉም አንድ መጠን ናቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ወደ አረንጓዴ የሚወስድ ቢጫ ነው፤ በጎናቸው ቀጫጭን መስመሮች ከራስ እስከ ጅራት ወርደዋል። ጭንቅላታቸው ጥቁርና አንጸባራቂ ነው። ከቀኝ ሦስተኛው ትል ጅራቱ ስለሚታይ አጉልቼ አየሁት፤ ጎላ ያሉት አራቱ ነጥቦች የሉበትም። ይህ ትል ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲለመልም ድንገት በመንጋ ይወጣል። የሚበላውም የሣር ወገን የሆነውን ነው፤ ግጦሽ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። ጤፍ ራሱ የሣር ወገን ስለሆነ ማሳው ዳር ላይ መታየታቸው አስቸኳይ ጉዳይ ነው። ማሾና ሽምብራ ግን አይነኩም። መጤው ተምች በአንጻሩ ከ350 በላይ የእጽዋት ዓይነት ላይ ተመዝግቧል፤ እሱም ቢሆን ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው በቆሎን ነው።

የማሾው ትል ብዙ አያደክመንም። ጭንቅላቱን ፍሬው ውስጥ ሰክቶ አካሉን ውጭ ትቶታል፤ ቆዳው ሻካራ ነው፣ ነጣ ያሉ ፀጉሮች ተበትነውበታል፣ በጎኑ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ መስመር ተዘርግቷል። ጓይ ትል ነው፤ ሄሊኮቬርፓ አርሚጄራ። ምንጃርና ሞረትና ጅሩ ውስጥ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ትል የማሽላ ራስም፣ የበቆሎ እሸትም፣ ቲማቲምም ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ቀን በቆሎ እሸት ላይ አግኝተው ከመጤው ተምች ጋር እንዳያምታቱት ቆዳውን ይዩ። መጤው ለስላሳ ነው፤ ጓዩ ላይ ፀጉሮቹ በብርሃን ይለያሉ። ማሾ ላይ ጀርባውን እየቆለመመ የሚራመድ አረንጓዴ ትል ካዩ ደግሞ ጓይም ተምችም አይደለም። ተምችና ጓይ በሆዳቸው ሥር አራት ጥንድ፣ በጅራታቸው አንድ ጥንድ የሐሰት እግር አላቸው፤ ጀርባውን የሚቆለምመው በሆዱ ሥር ያለው ከዚያ ያነሰ ነው። ከጎን የተነሣ ፎቶ እግሮቹን ለመቁጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አራተኛው አገዳ ቆርቁር መሆኑ አያጠያይቅም። የትኛው አገዳ ቆርቁር ነው የሚለው ነው ጥያቄው። ትሉ ወተት መሰል ቀለም አለው፤ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፤ በጀርባው ላይ ደብዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈው የሚታዩ ይመስለኛል። በትክክል አራት ረድፍ ከሆኑ ከእስያ የመጣው ኪሎ ፓርቴለስ ነው። ጀርባው ላይ ጎልቶ የሚታይ ምልክት ከሌለውና ወደ ሮዝ የሚያደላ ከሆነ ቡሴኦላ ፉስካ ሊሆን ይችላል። የቦታው ከፍታ ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፣ ኪሎም ቆላውን ይወዳል። ከዚያ በደብረ ሲና አድርገው ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ቡሴኦላ እየበዛ ይሄዳል። ነገር ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ሰፊ ቦታ ስላለ በከፍታ ብቻ ስም አልሰጥም። የሚያስፈልገኝ የሆዱ ፎቶ ነው። ትሉን በጀርባው አስተኝተው የሐሰት እግሮቹን ጫፍ በማጉያ መነጽር በኩል ያንሡልኝ። ጥቃቅኖቹ መንጠቆዎች ሙሉ ክብ ሠርተው ከዞሩ ኪሎ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ እንደ ግማሽ ክብ ከተሰለፉ ቡሴኦላ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው። ለገበሬው ግን ለዛሬ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ትሉ አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል አይደርስበትም፣ ገንዘቡም ይባክናል።

ስለ አነሣሡ። ጥቁር ትል በደማቅ ቅጠል ላይ ሲነሣ ስልኩ ለቅጠሉ ብርሃን ስለሚያደላ ትሉ ጨለማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጥቦቹም ይጠፋሉ። ትሉ ላይ በጣትዎ ነክተው ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ቀትር ላይ ከሆነ ጃንጥላ ወይም የራስዎን ጥላ ይጣሉበት፤ የፀሐይ ነጸብራቅ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምልክት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ያሳስታል። ስልኩን በጣም አያስጠጉት፤ ትንሽ ራቅ ብለው አንሥተው በኋላ መቁረጥ ይሻላል። መጠኑ እንዲታወቅ ከአጠገቡ የክብሪት እንጨት ያስቀምጡ። ከአንድ ትል ጅራቱን ከላይ፣ ግንባሩን ከፊት፣ አካሉን ከጎን ያንሡ፤ አራተኛው ተክሉ ራሱ ይሁን፣ የተበላው ቅጠልና ኩሱ እንዳለ። ትሉን ከቅጠሉ አውጥተው በመዳፍዎ ላይ ብቻ ካነሡት ግማሹን ማስረጃ እዚያው ማሳው ላይ ጥለውት ሄደዋል። በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ስለሚደርሰኝ ሳጎላው ነጥቦቹ ይፈርሳሉ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የደረሱኝ እንዲያ ሆነው ነው።

መተግበሪያውን አይጣሉት፤ ግን ከምን ተነሥቶ እንደሚናገር ይወቁ። አብዛኞቹ ፎቶዎን ሌሎች ሰዎች ስም ሰጥተው ካስቀመጧቸው ፎቶዎች ጋር ያነጻጽራሉ። የሚመስለውን ያመጣሉ፤ የሚመስለው ባይኖርም የተቀራረበውን ያመጣሉ። ስለዚህ ከሚሰጥዎት ስም ይልቅ ከስሙ ሥር የሚዘረዝራቸውን አማራጮች ያንብቡ፤ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ዘመዳሞች ከሆኑ ወገኑን አግኝቷል፣ ዝርያውን ግን የሚለዩት እርስዎ ነዎት። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመጤው ተምች ቅኝት በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፋምዩስ የተባለው መተግበሪያ ውስጥ ያለው፣ ኑሩ የተባለው ፎቶ መርማሪ ክፍል ደግሞ የሚመለከተው በዋናነት ትሉን ሳይሆን በበቆሎው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው። በማሾ ወይም በጤፍ ላይ ይረዳኛል ብለው አይጠብቁት።

በወጥመድ የተያዙ የእሳት ራቶችን ፎቶ የሚልኩልኝም አሉ፤ ለእነሱም በዚሁ ልንገራቸው። ወጥመዱ ውስጥ ሌሎች ዝርያዎችም ይገባሉ፤ ክንፉ የተላጠ የእሳት ራት ደግሞ ሁሉም ግራጫ ነው። አጠራጣሪ ከሆነ በላቦራቶሪ የመራቢያ አካሉን ማየት ወይም ዲኤንኤውን መመርመር ግድ ይላል።

ወደ ርጭቱ ስመለስ፣ በበቆሎው ማሳ አምስት ቦታ ቆመው በየቦታው 20 ተከታታይ ተክል ይቁጠሩ። በቆሎው አፍላ ከሆነ ከ100 ተክል በ20 ያህሉ ላይ አዲስ ጉዳት ሲታይ ነው ርጭት የሚታሰበው፤ ከዚያ በታች በእጅ መልቀም ያዋጣል። ሲረጭም ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ወደ ጉሮሮው ይሁን። የጤፉ ዳር ግን ቆጠራ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ለወረዳው ያሳውቁ። ትሎቹ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድገው ከሆነ ብዙም ሳይቆዩ አፈር ይገባሉ፤ ያኔ መርጨት ከንቱ ነው። ያነሱ ከሆኑ አሁኑኑ መከላከል ያድናል፤ በተረጨበት ሣር ላይ ከብት እንዳይሰማራ አጥብቀው ያስጠንቅቁ። ማሾው ላይ ፍሬ የያዘውን ጊዜ አስልተው፣ ማሳው አቅራቢያ ቀፎ ያለውንም ሰው አነጋግረው ይወስኑ።

የቀረው አምስተኛው ፎቶ ነው። ትሎቹ ገና ተፈልፍለው ከእንቁላሉ ክምር አልራቁም፤ ሁሉም ጭንቅላታቸው ጥቁር ነው። ክምሩን የሸፈነው ጸጉራማ ነገር የእናቲቱ ነው፤ ይህም የስፖዶፕቴራ ወገን መሆናቸውን ይጠቁማል። ነገር ግን ሁለቱም ተምቾች እንቁላላቸውን በዚህ መልክ ይሸፍናሉ፤ ለዝርያው የሚያበቁ ምልክቶች ደግሞ ትሉ ቆዳውን ሁለት ጊዜ ያህል ሳይቀይር አይወጡም። ስለዚህ አምስት ስድስቱን ወስደው ያሳድጓቸው። እንዳይበላሉ እያንዳንዱን ለብቻው በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ያኑሩ፤ ክዳኑን በመርፌ በሱት፣ በየቀኑ ትኩስ የበቆሎ ቅጠል ይለውጡላቸው፣ ፀሐይ ላይ አያስቀምጧቸው። ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ጅራታቸው ላይ ነጥቦቹ መለየት ይጀምራሉ፤ ያኔ ያንሡልኝ። ካነሧቸው በኋላ ሁለቱን ለደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ለማሳየት ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው። በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከከተቷቸው ጠቁረው ምልክታቸው ስለሚጠፋ መጀመሪያ በጣም ትኩስ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ይንከሯቸው፤ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ባለው ብልቃጥ ይክተቱ፤ ቦታውን፣ ሰብሉንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ወረቀቱን እዚያው ውስጥ ያስገቡት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ማሳው ላይ ለቀሩት ጥቃቅኖች ኬሚካል አያስፈልግም፤ ክምሩ ያለበትን ቅጠል በጣት መደፍጠጥ ይበቃል።